ዓመታት የቆመን አሮጌ የናፍጣ ሞተር ማስነሳት፦ ለጀልባ፣ ለዶዘርና ለወፍጮ ባለቤቶች

አሮጌ የናፍጣ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ነው የሚነሳው?» ብሎ ነው። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። ከተነሳ በኋላ በምን ታጠፉታላችሁ?

ቀልድ አይደለም። የቤንዚን ሞተር ቁልፉ ሲዘጋ ካንዴላው እሳት ያጣል፤ ሞተሩም ይቆማል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ታምቆ የጋለ አየር ነው። ፒስተኑ አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ሲያምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የተረጨው ናፍጣ በዚያ ሙቀት ራሱ ይያያዛል። ስለዚህ ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች አንዴ ከተነሱ ባትሪውን ፈትታችሁ ብትወስዱባቸው እንኳ ደንታ የላቸውም። አየርና የሚቃጠል ነገር እስካገኙ ድረስ ይሠራሉ። የሚቃጠለው ነገር ደግሞ የግድ ከታንክ የመጣ ናፍጣ መሆን የለበትም። የራሳቸው የሞተር ዘይትም ይበቃቸዋል።

ይህ መመሪያ ኮምፒውተር ለሌላቸው፣ ናፍጣውን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚገፋው ፖምፓቸው ሙሉ በሙሉ በሜካኒካል መንገድ ለሚሠራ ሞተሮች ነው። በሐይቅ ጀልባ ሆድ ውስጥ፣ በድንጋይ ካባ በቆመ ዶዘር ላይ፣ በገጠር ወፍጮ ቤትና በመስኖ ውሃ መሳቢያ ላይ የምታገኟቸው ማለቴ ነው። ሊስተር፣ ጋርድነር፣ ካተርፒላር፣ ዲትሮይት፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ ጠባያቸው ይቀራረባል። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ስደርስ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሦስት ማጥፊያ አዘጋጁ

የመጀመሪያው በፖምፓው ጎን ያለው የማቆሚያ ማንሻ ነው። ከሹፌሩ ወንበር በሽቦ የሚሳብ ከሆነ ሽቦውን አትመኑ፤ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ፖምፓው ዘንድ ሄዳችሁ ማንሻውን በእጃችሁ አንቀሳቅሱት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነካከስ መሄድ አለበት። ስትለቁት ደግሞ በራሱ ስፕሪንግ መመለስ አለበት።

ይህን ያህል የማካብደው በምክንያት ነው። ፖምፓው ውስጥ የናፍጣውን መጠን የሚወስን ራክ የሚባል ዘንግ አለ። ሞተሩ ሲፈጥን የዙሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ጋቨርነር ራኩን ወደ ኋላ ይስብና ናፍጣውን ይቀንሳል። ሞተሩ ሲቆም ግን በብዙዎቹ ሞተሮች የጋቨርነሩ ስፕሪንግ ራኩን ወደ ሙሉ ናፍጣ ይገፋዋል። እንግዲህ አስቡት። ዓመታት የቆመ ራክ የሚጣበቀው ብዙ ጊዜ እዚያው፣ ሙሉ ናፍጣ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሳ ሚኒሞ (ያለ ጭነት የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) የሚባል ነገር አያውቅም። በሰከንዶች ውስጥ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይወጣል። ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) አግድም ወጥቶ የሞተሩን ጎን የሚበሳው እንዲህ ሲሆን ነው።

ራኩ ከተጣበቀ በመዶሻ አትምቱት። የፖምፓውን የጎን መክደኛ ፍቱ፣ ንጹህ ናፍጣ ወይም የሚሰርግ ዘይት አርከፍክፉበት፣ ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። አንድ ቀን ማደር ካስፈለገው ይደር። ራኩ በነፃ ሳይሄድ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ሁለተኛው ማጥፊያ የናፍጣው መስመር መዝጊያ ነው። ይሠራል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ፊልትሮውና ፖምፓው ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሞተሩን ለደቂቃዎች ሊያሠራው ይችላል። ሞተሩ የገዛ ዘይቱን እየበላ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይረዳችሁም።

ሦስተኛውና ቁርጡ ማጥፊያ አየር መከልከል ነው። ለመጀመሪያው ማስነሳት የአየር ማጣሪያውን ፍቱና የማስገቢያው አፍ ክፍት ይሁን። ከአፉ ሰፋ ያለ ጠንካራ ጣውላ ወይም ወፍራም ላሜራ ቆርጣችሁ አጠገቡ አስቀምጡ። ጨርቅ አይሆንም፤ ሞተሩ ይውጠዋል። እጅማ በፍጹም! ጣውላውን ይዞ የሚቆም አንድ ሰው መድቡ። ያ ሰው ሌላ ሥራ የለውም፤ ስልክም አያነሳም። የሚቆመውም ከፋኑና ከቮላኖው (ከከባዱ መዘውር) ትይዩ ሳይሆን በሞተሩ ጫፍ በኩል ገለል ብሎ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ ካላችሁ እሱም ወደ አየር ማስገቢያው ሲረጭ ሞተር ያቆማል።

ደረጃ 2፦ ሞተሪኖውን ሳትነኩ በእጅ አዙሩት

ዓመታት በቆመ ሞተር ላይ መጀመሪያ ሞተሪኖ መምታት ትልቅ ድፍረት ነው። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ቢኖርስ? ውሃ አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ መሄጃ ያጣል፤ ሞተሪኖው ግን ይገፋል። የሚጎብጠው ቢዬላው ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? በዶዘርና በትራክተር ላይ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ሰማይ ከቆመው ማርሚታ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይጠጣል። በጀልባ ላይ ደግሞ ጭሱ ከማቀዝቀዣ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በሚወጣበት መስመር በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል።

ዲኮምፕሬሽን ማንሻ (ቫልቭ ከፍቶ የሚታመቀውን አየር የሚለቅ) ካለው ክፈቱት። ከሌለው ኢንጀክተሮቹን ወይም ማሞቂያ ፕላጎቹን ማውጣት ይሻላል። ከዚያ በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያው ብረት)፣ ወይም በክራንክሻፍቱ ጫፍ ብሎን ላይ ረጅም መፍቻ አስገብታችሁ፣ ወይም ቮላኖውን በብረት እያባበላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ሁለት የምለው ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን የሚጨርሰው በሁለት ዙር ስለሆነ ነው። ከቀዳዳዎቹ ውሃ ቢረጭ ደስ ይበላችሁ፤ ውጭ ወጣ ማለት ነው።

በመሐል ቢያስቸግር አታስገድዱ። ወደ ኋላ መልሱና እንደገና ሞክሩ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ የተጣበቀ ቫልቭ ወይም ውሃ ነው። ከነአካቴው የማይነቃነቅ ከሆነ ግን ነክሷል። በየሲሊንደሩ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅላችሁ ጨምሩና ቀናት ስጡት። ብዙ ጊዜ የዝገት ንክሻ በትዕግሥት ይለቃል።

ደረጃ 3፦ ዘይት

የዘይት መለኪያውን አውጡና ቀለሙን ብቻ ሳይሆን መጠኑን እዩ። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ፣ ቀጭን ከሆነና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ናፍጣ እየወረደበት ነው። ናፍጣን ከታንክ ወደ ፖምፓው የሚያደርሰው ማመላለሻ ፓምፕ ዲያፍራም ሲቀደድ እንዲህ ያደርጋል። በዲትሮይት ሞተሮች ላይ ደግሞ ለኢንጀክተሮቹ ናፍጣ የሚወስዱት ትናንሽ ቱቦዎች ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ራስ) መክደኛ ሥር ስላሉ፣ አንዷ ከላላች ናፍጣው ቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ናፍጣ የገባበት ዘይት ኩሽኔታ ይበላል። መጠኑ ከበዛም ሞተሩ ሊስበውና ያለ ማንም ፈቃድ ሊሮጥበት ይችላል። ምክንያቱን ሳታገኙ ዘይት ብቻ ቀይራችሁ አታስነሱ።

የአየር ማጣሪያው ከታች ዘይት የሚቀመጥበት ዓይነት ከሆነ ከምልክቱ በላይ አትሙሉት። ትርፉን ሞተሩ ይስበዋል።

ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ገፊ በረድፍ የተደረደረባቸው ብዙ አሮጌ ፖምፓዎች የራሳቸው ዘይት አላቸው። በጎናቸው ትንሽ መለኪያ ወይም የመሙያ ብሎን ታገኛላችሁ። ይህን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ደረጃ 4፦ ናፍጣ

አሮጌውን ናፍጣ አውጡ። ዓመታት የቆየ ናፍጣ ራሱ ብዙም ላይከፋ ይችላል፤ የሚከፋው ከሥሩ የተኛው ውሃ ነው። ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር ልጋግ ይሠራሉ። ያ ልጋግ ጀልባው ቆሞ ሳለ ታንኩ ግርጌ በሰላም ይተኛል። ማዕበል ሲነሳ ይናወጥና ፊልትሮውን ይደፍናል። በሌላ አነጋገር ሞተሩ የሚጠፋው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ታንኩን ከግርጌው አጥቡ። ፊልትሮ ሁለት ግዙ፤ አንዱን አሁን፣ አንዱን ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ትቀይራላችሁ።

የጎማ ቱቦዎችን በጣት ጫን ጫን አድርጉ። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ቀይሩ። እዚህ ላይ መቆጠብ የሚቀጥለውን ደረጃ ሲኦል ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ አየሩን ማውጣት

ብዙ ሰው ባትሪ የሚጨርሰው እዚህ ጋ ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም፤ ከማርሚታውም ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። ፖምፓው አየር ይዟል። አየር እንደ ናፍጣ አይገፋም። ይጨመቅና ይለጠጣል፤ ኢንጀክተሩን የሚከፍት ግፊት አይሠራም።

አየሩ የሚወጣው ከታንክ ጀምሮ በቅደም ተከተል ነው። ዘሎ ማለፍ የለም።

መጀመሪያ የታንኩን መዝጊያ ክፈቱና የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን ፍቱ። የማመላለሻ ፓምፑን ትንሽ ማንሻ በእጅ ፓምፕ አድርጉ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ፣ በመጨረሻ ንጹህ ናፍጣ ይወጣል። ንጹህ ሲሆን እየፈሰሰ ሳለ ብሎኑን አጥብቁ። ማንሻው ላላ ብሎ ምንም የማይገፋ ከመሰላችሁ ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍረዱ። ከውስጥ የሚገፋው ካም ጫፉ ላይ ቆሞ ይሆናል። ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

ቀጥሎ በፖምፓው ላይ ያለውን ማስተንፈሻ በተመሳሳይ መንገድ ክፈቱ። ሁለት ካሉ ዝቅ ካለው ጀምሩ።

በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች። በኢንጀክተሩ በኩል ያለውን ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል አላሉ። ማንሻውን ወደ ሙሉ ናፍጣ አድርጉና ሞተሩን አዙሩ። ናፍጣው ከዳዶው ሥር ቱፍ ቱፍ እያለ መውጣት ሲጀምር አጥብቁ። ጋርድነር ላይ ይህ ሥራ ይቀላል። ፖምፓው ላይ ለየሲሊንደሩ በእጅ የምትገፋ ትንሽ ማንሻ አለች። እሷን ስትገፉ ኢንጀክተሩ ክርር የሚል ድምፅ ካሰማ ናፍጣው ደርሷል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ከኢንጀክተር የሚወጣ ናፍጣ ግፊቱ እጅግ ከፍተኛ ነው። ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነ መጀመሪያ ላያምም ይችላል፤ ውስጥ የገባው ናፍጣ ግን ሥጋን ይገድላል። ጣታችሁን ከተበሳ ቱቦ ፊት አታድርጉ። ከተመታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ፤ የገባው ናፍጣ መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩት።

አየሩን አውጥታችሁ ሞተሩ ተነስቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጠፋ፣ እንደገና አውጥታችሁም ከደገመው፣ ከታንክ እስከ ማመላለሻ ፓምፑ ያለውን መስመር ጠርጥሩ። እዚያ ፓምፑ የሚስብበት ወገን ነው። ናፍጣ የማይወጣባት ቀዳዳ አየር ትስባለች፤ ስለዚህ ጠብታ ፈልጋችሁ አታገኙም። ከፓምፑ በፊት አጭር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ለጊዜው አስገቡ። አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የመዳብ ዋሸሮቹንም አሮጌዎቹን መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ ዋጋቸው ኢምንት ነው።

ዲትሮይት ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ፖምፓና ኢንጀክተር በአንድ አካል ስለሆኑ ረጅም የግፊት ቱቦ የለውም። ትርፉ ናፍጣም ወደ ታንክ ሲመለስ አየሩን ይዞት ይሄዳል። ፊልትሮዎቹን በናፍጣ ሞልታችሁ ብትገጥሙ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ የጀልባ ባለቤቶች ብቻ፣ የውሃው መዝጊያ

ጭሱ ከውሃ ጋር በሚወጣበት ጀልባ ላይ ሞተሩ እምቢ ብሎ ለረጅም ጊዜ ስታዞሩት የውሃ ፓምፑ ውሃ መሳቡን አያቆምም። የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። ሲሞላ ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ስለዚህ እምቢተኛ ሞተር ስታዞሩ የሐይቁን ወይም የባሕሩን ውሃ መሳቢያ ዝጉ።

ሲነሳ ግን ወዲያው ክፈቱ። «ወዲያው» ስል ሰው ቫልቩ ላይ እጁን አድርጎ ይጠብቅ ማለቴ ነው። የፓምፑ ጎማ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው መዘውር) ያለ ውሃ ሲዞር ፈጥኖ ይቃጠላል።

ደረጃ 7፦ ማስነሳት

ይህ እንደ ሞተሩ ይለያያል።

በእጅ የሚነሱት። ሊስተር ሲኤስ በ1929 እንግሊዝ ውስጥ መመረት የጀመረ ነው። ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ 650 ዙር ብቻ ነው የሚዞረው። ሕንድ ውስጥ ቅጂው ለብዙ ዓመታት ተመርቷል። ዲኮምፕሬሽኑን ከፍታችሁ በማኖቬላ ታዞራላችሁ። ቮላኖው ከባድ ነው፤ ፍጥነት ሲይዝ ግን ራሱ ይሸከማችኋል። በደንብ ሲፈጥን ማንሻውን ትለቃላችሁ። በአንዳንዶቹ ቴስታታ ጎን ትንሽ የእጅ መዘውር አለች። ለማስነሳት ወደ ውስጥ ትጠብቃለች፤ ኮምፕሬሽን ትጨምራለች። ሞተሩ ሞቆ ሙሉ ጭነት ሲይዝ ወደ ውጭ ትፈታለች።

ማኖቬላ ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጀታው ከእጃችሁ ተንሸራቶ ይወጣል። ጨብጣችሁ ከያዛችሁት ግን አንጓችሁ ይሰበራል።

ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያላቸው። ካተርፒላር የመጀመሪያውን የናፍጣ ሰንሰለታማ ትራክተሩን ያወጣው በ1931 ነው። ለብዙ ዓመታት ትልልቅ ሞተሮቹን የሚያስነሳቸው ከጎናቸው የተገጠመ ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበር። ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከተሠሩት የማስነሻ ዘዴዎች ሁሉ ለብርድ አገር የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። ትንሿ ሞተር የማቀዝቀዣ ውሃዋን ከትልቁ ጋር ትጋራለች፤ ስለዚህ እሷ ስትሞቅ እሱም ይሞቃል። በብዙዎቹ ላይ የጭሷ ቱቦም ለትልቁ የሚገባውን አየር ያሞቃል። ባትሪ የለ፣ ችኮላ የለ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዘይቷን መለኪያ አሽትቱ። የካርቡሬተሯ ቫልቭ አሮጌ ከሆነ ቤንዚን ወደ ዘይቷ ይወርዳል። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ቀይሩ። ከዚያ አስነሷትና ትሙቅ። ፍሪሲዮኗን አላቁ፣ ፒኒየኑን (ትንሹን ጥርስ) ከትልቁ ሞተር ቮላኖ ጋር አገናኙ፣ ፍሪሲዮኑን መልሳችሁ አስገቡ። የትልቁ ኮምፕሬሽን ማንሻ በመልቀቂያው ላይ፣ ናፍጣው ደግሞ ዝግ ይሁን። ትልቁ ያለ ኮምፕሬሽን ይዞራል። የዘይት ግፊት ጌጁ ላይ እስኪታይና ሞተሩ ለብ እስኪል ታገሡ። አሁን ኮምፕሬሽኑን መልሱ። ትንሿ ታቃስታለች፣ ግን ትችላለች። ናፍጣውን ክፈቱ። ትልቁ ሲነሳ ፒኒየኑ ራሱ ይወጣል።

ትንሿን በማብሪያ ማጥፊያዋ አታጥፏት። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉና ካርቡሬተሯ ውስጥ የቀረውን ጨርሳ ትጥፋ። በሚቀጥለው ጊዜ ዘይቷ ቤንዚን እንዳይሸት የሚያደርገው ይህ ነው።

በሞተሪኖ የሚነሱት። ማሞቂያ ፕላግ ካላቸው የተባለውን ያህል አሙቁ። በአንድ ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 ሰከንድ በላይ ሞተሪኖ አትምቱ፤ በመሐል ይቀዝቅዝ። ለማስነሻ የሚረጨውን፣ ፈጥኖ የሚነድደውን የኤተር ስፕሬይ በተመለከተ፣ ማሞቂያ ፕላግ ወይም የአየር ማሞቂያ ባለው ሞተር ላይ በፍጹም አትርጩ። የጋለውን ብረት ሲያገኝ ማስገቢያው ውስጥ ይፈነዳል። በሌሎቹም ላይ ከመጠን ካለፈ ፒስተን ይሰነጥቃል። «ኤተር የለመደ ሞተር ያለ ኤተር አይነሳም» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ሱስ አይደለም። ኮምፕሬሽኑ ስላለቀ ነው። ኤተሩ የሚደብቅላችሁ ያንን ነው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ዓይናችሁ መጀመሪያ የዘይት ግፊት ጌጁ ላይ ይሁን። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልተነሳ አጥፉ። ጆሯችሁ ደግሞ ፍጥነቱ ላይ። ማንም ሳይነካው ከፍ ከፍ ካለ አትጠብቁ። የማቆሚያውን ማንሻ ሳቡ። አልሰማ ካለ የአየር ማስገቢያው በጣውላው ይደፈን።

ከዚያ ጭሱን አንብቡ። ነጭ ሆኖ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ያለ ነው፤ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ነጭ ሆኖ ከማርሚታው ትንሽ ራቅ ብሎ በአየር ላይ የሚሟሟና የማይሸት ከሆነ እንፋሎት ነው። ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ማርሚታ ባለው ጀልባ ላይ ግን ጥቂት እንፋሎት ምንጊዜም አይጠፋም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ ከአየሩ የበለጠ ናፍጣ ነው።

ስለ ጥቁር ጭስ ለደጋ ሰዎች የምጨምረው አለ። ከባሕር ዳር ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱት ጀልባዎች የሚሠሩበት ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብላችሁ አስቡ። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም። ወደብ ላይ እንደተስተካከለ ያንኑ ናፍጣ ይሰጣል። ትርፉ ጥቁር ጭስና የጋለ ማርሚታ ይሆናል። የድሮ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጣርማ በርን ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። መፍትሔው የፖምፓውን የመጨረሻ የናፍጣ መጠን በባለሙያ ማስቀነስ ነው። በእርሳስ የታሸገውን ብሎን ራሳችሁ አትንኩት። «ጉልበት አነሰው» ብሎ ናፍጣ የሚጨምርላችሁ መካኒክ ካጋጠማችሁ ደግሞ አመስግናችሁ ሸኙት።

ዲትሮይት ላላቸው

ይህ ሞተር የተለየ ፍጥረት ስለሆነ ለብቻው ይታይ። የ71 ተከታታይ ሞተር በ1938 በጄኔራል ሞተርስ የወጣ ባለ ሁለት ምት ነው። 71 ማለት የአንዱ ሲሊንደር መጠን በኩቢክ ኢንች ነው፤ 1.16 ሊትር ገደማ። 6-71 ማለት ስድስቱ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የማረፊያ ጀልባዎች ሲነዳ የነበረው ይኸው ነው። በየዙሩ ስለሚነድ ከሌላው እጥፍ የፈጠነ ይመስላል። ድምፁ ሰውን ያስደነግጣል፤ ሞተሩ ግን በዚያ ፍጥነት ነው የሚመቸው። በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት አታሸክሙት።

ዘይቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 15 ደብሊው 40 አይወድም። አመዱ ዝቅተኛ የሆነ፣ ለባለ ሁለት ምት ናፍጣ የተፈቀደ ነጠላ ቁጥር 40 ዘይት ነው የሚፈልገው።

በጎኑ በኩል ዘይት የሚያንጠባጥቡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ልትደፍኗቸው ትፈልጋላችሁ። አትድፈኗቸው! ከአየር ሣጥኑ የተጠራቀመውን ዘይት የሚያወጡ ናቸው። ከተደፈኑ ሞተሩ ያንን ዘይት ይስበዋል። ከሥሩ ዕቃ አስቀምጡ።

ብዙዎቹ በአየር ማስገቢያው ላይ የአደጋ ጊዜ መዝጊያ አላቸው። አንዴ ከተዘጋ በእጅ ካልተመለሰ ክፍት አይሆንም። «ትናንት ሲሠራ ነበር፣ ዛሬ አይነሳም» ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። እንደ ዘወትር ማጥፊያም አትጠቀሙበት። አየሩ ድንገት ሲዘጋ ብሎወሩ (አየር ወደ ሞተሩ የሚነፋው) የገዛ ሲሎቹን አልፎ ዘይት ይስባል፤ ሲሎቹም ይጎዳሉ።

ደረጃ 9፦ ሥራ ላይ

አሮጌ ናፍጣን የሚገድለው ሥራ ብቻ አይደለም። ሰዓታት ሙሉ በሚኒሞ መቆምም ይገድለዋል። ሳይሞቅ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይነድም። ጥቁር እርጥብ ነገር በማርሚታው መገጣጠሚያ ይወርዳል። ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዘይት መያዝ ያቅተዋል። ተነስቶ ከሞቀ በኋላ ሥራ ስጡት። ከአቅሙ ሦስት አራተኛ ያህል ቢጫን ይስማማዋል። ለምሳ ሰዓት ደግሞ አጥፉት።

ደረጃ 10፦ ማጥፋትና ማሳደር

ከጭነት ቀጥታ አታጥፉ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ይቀዝቅዝ። ቱርቦ ካለው ይህ ግዴታ ነው፤ ዘይቱ ሲቋረጥበት ቱርቦው ገና እየተሽከረከረ ከሆነ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

ለወራት የሚቆም ከሆነ ዘይቱን ከማቆማችሁ በፊት ቀይሩ። አሮጌ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድ ቆሞም ይበላል። ታንኩን ሙሉ፤ ባዶ ቦታ ሲኖረው ሌሊት ላብ ያወርዳል። በጀልባ ላይ የውሃ መሳቢያውን ዝጉ፣ ኢምፔለሩን አውጥታችሁ አስቀምጡ። በወር አንድ ጊዜ ዲኮምፕሬሽኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ። ያቆማችሁት ካለፈው ጊዜ በሌላ ቦታ ላይ ይሁን፤ ያው ቫልቭ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይክረም።

ቀጥ ብሎ የቆመውን ማርሚታ በጣሳ ክደኑት። ኢምፔለሩን እንዳወጣችሁና ማርሚታውን እንደከደናችሁ በካርቶን ላይ ጻፉና ማስነሻው ላይ እሰሩት። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስነሳው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።